እህቴ ሳትመልሰው የቀረው ተረት

እህቴ ካልቨር ሲቲ ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ትጠብቅ ነበር። ሥራዋ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ነው። ማንበብ ከሥራው ውስጥ አልነበረም። የሴትየዋ ዓይን እየደከመ ሲሄድ አንድ ቀን ከመደርደሪያው መጽሐፍ አስወርዳ «እስኪ ይህን አንብቢልኝ» አለቻት። የእህቴ እንግሊዝኛ የገበያና የአውቶብስ እንግሊዝኛ ነበር። እየተደናቀፈች አነበበች። ሴትየዋ ታርማለች፣ እህቴ ትደግማለች። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ።

በዲቪ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። እናቴንና እኔን ያመጣችንም እሷ ናት። ሃይስኩል ጨርሼ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ስጀምር አልተቆጣችኝም። «አማርኛህን ብቻ አትጣል» አለችኝ። ፊደሉን ገና ልጅ ሳለሁ ነበር የጨረስኩት፤ አረፍተ ነገር መጻፍን ያስተማረችኝ ግን እዚህ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቁጭ ብለን ነው። አሁንም ቶሎ አይመጣልኝም። እየቆምኩ፣ እየተመለስኩ ነው የምጽፈው።

አሮጊቷ በወጣትነቷ የሰው ተረት ትሰበስብ ነበር። ተረት ብቻም አይደለም። ለታመመ ልጅ የሚባለውን፣ ለጠፋ ከብት የሚደገመውን፣ ስለ ክፉ ዓይን የሚነገረውን ሁሉ በየገጠሩ እየዞረች ከሴቶች አፍ ትለቅም ነበር። ከእሷ በፊትም ይህን የሠሩ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። በመደርደሪያዋ ያሉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የእነሱ ናቸው። በእንግሊዝ፣ በጣሊያን፣ ረጅም ቀሚሳቸውን ጭቃ እየነካው፣ የገበሬ ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ቅጠል የሚባለውን ጻፉ። ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

እህቴ ይህን ሁሉ እራት ላይ ትነግረን ነበር።

«እነዚህ ጥቁር ሊፕስቲክ የሚቀቡ፣ ሻማ የሚያበሩ፣ ጠንቋይ ነን የሚሉ ልጆች አሉ አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን። «እምነታቸው ከጥንት ጀምሮ ከእናት ወደ ልጅ በድብቅ የመጣ ይመስላቸዋል። ብዙው የመጣው ከነዚህ ሴቶች መጽሐፍ ነው። ሴቶቹ ጻፉ፤ ሌሎች ሰዎች ከዚያ እየወሰዱ አዲስ እምነት ሠሩ። አንዷ ደግሞ የጻፈችው ተሳስታ ነው አሉ።»

«ሶ፣ ተሳስታ የጻፈችውን ነው የሚያምኑት?»

«የተወሰነውን። አትሳቅ። ማንንም አይጎዱም።»

«ማዕድ ላይ የሱን ነገር አታንሱ» አለች እናቴ። የሱን ስትል ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

መሳቅ የጀመረችው ግን እህቴ ራሷ ናት። በዚያው ሰሞን ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ሽሮ የምንገዛበት ሱቅ ውስጥ ቆመን ሳለ፣ አፍንጫዋን የተበሳች አንዲት ፈረንጅ ልጅ ገብታ ጤና አዳም ጠየቀች። ስሙን በእንግሊዝኛ ነው የጠራችው፤ ፎቶውን በስልኳ አሳየች። ባለሱቋ እሷንም እኛንም አየች።

«ለቡና ነው? በያት» አለች እህቴን።

ልጅቷ ለቡና አይደለም አለች። ለጥበቃ ነው።

«ከምን?»

«ከክፉ ዓይን» ብላ ተረጎመች እህቴ።

ባለሱቋ ጤና አዳሙን በወረቀት እየጠቀለለች፣ «ታዲያ ይኼን ለማለት ይህን ያህል ምን አሳፈራት?» አለች። «እኛም ለዚሁ ነው። ቡናውማ ሰበብ ነው።»

እህቴ መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ሳቀች። ቆይታ «እዚህ ሰፈር ይህን የሚያውቁ ስንት እናቶች አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም» አለች።

በሚቀጥለው ቀን ለአሮጊቷ ይህንኑ ነገረቻት። አሮጊቷም ስለ ራሷ ሥራ የሚቆጫትን አጫወተቻት። ሴቶቹን አዳምጣ ከጻፈች በኋላ ተመልሳ አልሄደችም። መጽሐፉ ወጣ፤ ነጋሪዎቹ መጽሐፉን አላዩትም፤ ስማቸውም አልገባበትም። እህቴ «እኛ ጋ ተረት የሚነግር ሰው ሲጨርስ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ይላል» አለቻት። አሮጊቷ ሁለቴ አስደገመቻት። ከዚያ «ይህን በሃያ ዓመቴ ብሰማው ኖሮ» አለች።

እህቴ ሥራ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ ስል የሚከፈልበት ማለቴ አይደለም። አንድ አሮጌ ስልክ ለይታ ያዘች። እናቶች ቤት ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ታደርጋለች። ከዚያ ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛር፣ ስለ አድባር፣ እናቶቻቸው ስላሏቸው ነገር ትጠይቃለች። ሌላ ቀን ዳቦ ይዛ ትመለሳለች። የቀዳችውን ታሰማቸዋለች፤ «እዚህ ጋ አበላሽቻለሁ» የሚሉትን ያርማሉ፤ ዳቦውን አብረው ይበላሉ። ተረቱ ሳይመለስ ማንም አይሰማውም። እኔም እንኳ። ስማቸው ያለው በገዛ ድምፃቸው ስለሆነ እኔም እዚህ የማንንም ስም አልጠራም፤ የእህቴንም።

እናቴ ብቻ እንቢ አለቻት። «ስለሱ ማውራት መጥራት ነው። የኔን ድምፅ እንዳትከቺ።»

የእህቴ በሽታ ሲገኝ ሰውነቷ ውስጥ ብዙ ቦታ ደርሶ ነበር። ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልጽፍም። አልችልም። እዚያ ሳለች የጠየቀችኝ አንድ ነገር ግን ነበር። «ቫን ናይስ ያሉት እትዬ ቀርተውብኛል። የሳቸውን አልመለስኩም። ሌሎቹን ሁሉ መልሻለሁ።» እሺ አልኳት። ዳቦውን እንዳትረሳ አለችኝ።

ለቅሶ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከፌርፋክስ ሱቆች፣ ከሷ ሥራ። አመሰግናቸዋለሁ፤ ምግብ አመጡ፣ ወንበር አመጡ፣ እናቴን ብቻዋን አልተዉአትም። ሁለት ሴቶች ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጅቷ ያልነካካችው የለም፤ የማይነካውን ስትነካካ ነው» ትላለች አንዷ። በክፋት አልነበረም። ወጣት ሲሞት ሰው ምክንያት ይፈልጋል። እናቴም ሰምታ ኖሯል።

ሰው ሲቀንስ ጠራችኝ። ጥቁሯን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ያ ስልክ የት ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«ዓርባዋ ሳይደርስ አጥፋው። በውስጡ ያለውን ሁሉ።»

«ዲሊት ላድርገው?»

«እንዴት እንደሚባል አንተ ታውቃለህ። ነፍሷ በሱ እንድትያዝ አልፈልግም።»

ልጅዋን የቀበረች ሴት ናት። አልጋዋ ሥር ጠበል አስቀምጣለች። «አንድ የቀረባት አለ» አልኳት። «ቃል ገብቼላታለሁ። እሱን ልመልስና ከዚያ።» ብዙ አሰበች። «እሱን ብቻ። ከዚያ ታጠፋዋለህ» አለች። እሺ አልኩ። እሺ ስል ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። የእህቴ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ቪዲዮ መቀረጽ አትወድም ነበር። እናቴ ይህን አላሰበችውም። እኔም አልነገርኳትም።

ቅዳሜ ካልቨር ሲቲ አሮጊቷ ጋ ሄድኩ። ከለቅሶው በኋላ እየሄድኩ አነብላታለሁ፤ ከእህቴ የባሰ እደናቀፋለሁ፤ እሷም ታግሣ ታርመኛለች። የእናቴን ነገር ነገርኳት። እናቴን ትወቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልወቀሰችም። «ፍርሃቱ ከእናትህ በፊት የነበረ ነው፤ ከሱ ጋር አትከራከር» አለችኝ። «እኔ መመለስ ያለብኝ ሁሉ ሞተውብኛል። የአንተ ሴትዮ በሕይወት አለች። ሂድ።»

ዕረፍቴ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ሄድኩ። በመንገዴ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ቆሜ ያላቸውን ምርጡን ገዛሁ፤ የተጎነጎነ፣ የሚያብረቀርቅ። በትራፊክ ተጨናንቄ ቫን ናይስ ደረስኩ። አፓርታማው ሁለተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈቱት ቀጭን፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የለበሱ እናት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን አይቻቸው አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቆሙት።

«ዓይኑ የእሷ ነው» አሉ። «ግባ።»

«ደህና ነሽ እትዬ?»

«አንቺ አለኝ እኮ! ይሁን፤ ወጣት አደረግኸኝ። ቁጭ በል። ምንድነው የያዝከው?»

«ዳቦ ነው። የእህቴን… ያንን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

ከረጢቱን ከፍተው አሸተቱ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኼ ቅቤ አለው።»

«አዎ፣ ጥሩ ዳቦ ነው።»

«እንቁላልም አለው። ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ያኔ ገባኝ። ጾም ነው። የእናቴ ልጅ ሆኜ፣ በረቡዕ ቀን፣ በቅቤና በእንቁላል።

«አፌን በቅቤ ልታብስልኝ ነው የመጣኸው?» ብለው ሳቁ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ።

«ነገ ሌላ ይዤ ልምጣ?»

«ነገ ሐኪም አለብኝ። ዛሬ ደግሞ ያለ ዳቦ አልሰማም። ሕጉ የእህትህ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።» ከዚያ «እናትህ እንዴት ናት?» አሉኝ።

ደህና ናት ልል ነበር። አላልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሴቶቹን ወሬ፣ እናቴ ያለችውን፣ ይህ ከተመለሰ በኋላ ስልኩ እንደሚጠፋ። እያቋረጥኩ ነው የተናገርኩት። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እናትህ የሰዎቹን ወሬ አመነች?»

«አላውቅም። ፈርታለች።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ራሴ እናንተ ቤት እመጣለሁ። ዳቦውንም እኔው አመጣለሁ።»

«እትዬ፣ እናቴ ባለችበት? ውስጡ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ። የሚመለሰው ለኔ አይደል? ቦታውን እኔ እመርጣለሁ።»

እሁድ መጡ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘው ነበር፤ ገና ይሞቃል። እናቴ «ምን አስቸገረሽ» እያለች ተቀበለቻቸው። በቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ብቻ ነበር የሚለዋወጡት። ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አጠገቡ አስቀምጬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የወጣው የእህቴ ድምፅ ነው። «ሪከርድ እያደረግኩ ነው እትዬ። ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ።»

እናቴ ተነሥታ ማዕድ ቤት ገባች። ቧንቧ ከፈተች። ስልኩን ላቆመው እጄን ዘረጋሁ፤ እትዬ ግን ተወው ብለው ምልክት ሰጡኝ። ቧንቧው ተዘጋ። እናቴ ተመልሳ በሩ አጠገብ ቆመች።

እህቴ እትዬን ለማስጀመር ብላ መሰለኝ፣ ቀድማ የራሷን ተረት ተናግራ ኖሯል። «እናቴ ልጅ ሳለን የምትነግረን ነው» ትላለች። ጅቡ መንደሩን አስቸገረ። አንድ ጎበዝ አድብቶ ጆሮውን በጦር ወጋው። ጅቡ አመለጠ። ሲነጋ የሸክላ ሠሪዋ ጆሮ በጨርቅ ታስሮ ተገኘ። ጅቡ እሷ ነበረች። እኔም ይህን ተረት ስንቴ ሰምቼ ተኝቻለሁ።

ቀጥሎ የእትዬ ድምፅ መጣ።

«የእናቴ ጆሮ በጨርቅ ታስሮ ነበር።»

እህቴ ስኒዋን ስታስቀምጥ ይሰማል።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ታቅፋኝ ሳለ ጉትቻዋን ሳብኩት፤ ጆሮዋ ተቀደደ። ሕፃን ነበርኩ፤ በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ሰፈሩ ግን ያንን ተረት ያውቀው ነበር።»

«ከዚያስ እትዬ?» አለች እህቴ፤ ዝግ ብላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። የሰፈሩ ሰዎች የእትዬ እናት በሠራችው እንስራ ውሃ እየጠጡ፣ እሷ ስታልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ እንደነበር። ቤተሰቡ ሌሊት ዕቃ ጭኖ አገር እንደለቀቀ። አዲስ አበባ ሲገቡ የእናታቸው ሥራ እንዳይነገር ልጆቹ ሁሉ እንደማሉ። ለባላቸው እንኳ ሳይነግሩ ባላቸው ሞቱ። አሜሪካ መጥተው አንድ ቀን አውቶብስ ውስጥ፣ ጠንቋይ ነኝ የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ የለበሰች ልጅ አጠገባቸው ተቀመጠች። ልጃቸው ጽሑፉን ተረጎመላቸው።

«እናቴ እዚህ አገር ተወልዳ ቢሆን» ይላል ድምፃቸው፣ «ሱቅ ትከፍት ነበር።»

እህቴ ሳቀች። ያ ከሆድ የሚወጣው፣ መሐል ላይ የሚቆራረጠው ሳቋ። እናቴ በሩን ያዘች። ቀስ ብላ መጥታ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጠች።

ቀረጻው አለቀ። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አንድ የሚታረም አለ» አሉኝ። «ቀኝ ጆሮ ያልኩበት ቦታ አለ። ግራ ነው።»

«ግራ» አልኩ።

«ተረቱን የነገርኳት እኔ ነኝ» አለች እናቴ። ወደ እጆቿ ነበር የምታየው። «እኔም ከናቴ ነው የሰማሁት። እውነት ሰው እንዳለበት አላሰብኩም።»

«አውቃለሁ። ልጅሽ ያን ቀን በተረቱ አፍራ እያለቀሰች ነው የሄደችው። ዓይኔን ሳታዪ ሄድሽ ብዬ መልሼ ደወልኩላት።» ቆዩና «ሰው ከዚያስ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር» አሉ።

ዳቦው መሐላችን ነበር። እናቴ ባደገችበት አገር ቡዳ ከተባለ ሰው እጅ አይበላም፤ የተባለ ሰው ባለበትም ምግብ ይሸፈናል። ይህን ለእኔና ለእህቴ ያስተማረችን እሷ ናት። እትዬም ያውቃሉ። ዳቦውን ጋግረው ያመጡት አውቀው ነው። አላዩትም፤ እናቴንም አላዩም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

«ቢላ አምጣ» አለችኝ እናቴ።

አመጣሁ። እናቴ ቢላውን ተቀብላ ለእትዬ አቀበለቻቸው። «አንቺ ቁረሺው።»

እትዬ ባረኩና ቆረሱ። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። ጎረሰች። እያኘከች እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሁላችንም በላን። ከእህቴ ሞት ወዲህ እናቴ ቁራሽ ጨርሳ ስትበላ ያየሁት ያኔ ነው።

ቆይታ፣ «ሸክላው ከየት ነበር የሚመጣው?» አለቻቸው።

እትዬ ዞረው አዩዋት። «ከወንዝ ማዶ። ጥቁሩ ብቻውን አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። ከቀዩ ጋር ይቦካል።»

«በውሃ?»

«በውሃ፤ የተሰበረ ሸክላም ተፈጭቶ ይገባበታል።»

«የተሰበረው?»

«እሱ ነው የሚያጠነክረው።»

ሳይመሽ ቫን ናይስ ላደርሳቸው ስነሣ እናቴ ነጠላዋን አነሣች። አብራን ልትሄድ ነው። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። እኔ በቀኝ መስመር ቀስ እያልኩ ነዳሁ፤ ሰው ጡሩምባ ቢነፋብኝም አልቸኮልኩም። ስለ ምድጃው እሳት፣ ስለሚነድበት ኩበት እያወሩ ነበር። እናቴ እየጠየቀች ነበር። እህቴን ያስተማሯት እነዚያ የተረሱ ሴቶች፣ ዓይኗ የደከመው አሮጊት፣ በጾም ቀን ቅቤ ያቀረብኩላቸው እትዬ፣ ሁላቸውንም በልቤ አመሰገንኩ። በቃል ቢሆን አልችልበትም ነበር።

እትዬን አድርሰን ስንመለስ እናቴ ከፊት መጥታ ተቀመጠች። ወደ ሰፈራችን መውጫ ስንቃረብ፣

«የእህትህ ስልክ ቻርጅ አለው?» አለችኝ።

«ትንሽ ነው ያለው።»

«ቤት ስንገባ ሰካው» አለች።